የሙሽራዋ ወገኖች

ሰው ሲከሰስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በሰባት ዓመቴ ነው፤ ምስክሯም እኔው ነበርኩ። ተከሳሹ ሙሽራ ነበር። የቆመውም በሠርጉ ቀን፣ ከነሚዜዎቹ፣ በገዛ ግቢያችን በር ላይ ነው።

ዛሬ ፍርድ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ምስክር ሲምል ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ጊዜው 1998 ዓ.ም.፣ የጥር ወር መጨረሻ ነው። ደብረ ታቦር ባለው ግቢያችን ውስጥ ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች ነበሩን፤ በአንደኛው ምስጋና ትኖር ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ መንግሥት መድቧት ከሆሳዕና የመጣች። ለሰዉ ተከራያችን ትሁን እንጂ ለእኔ የግሌ ንብረት ነበረች። ከትምህርት ቤት እስክትመለስ በሯ ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። አንድ ማግኔት ሰጥታኝ ከግቢው አፈር ውስጥ ምስማር ስለቅም እውላለሁ። ከአገሯ የሚላክላትን ዳጣ በዳቦ ጫፍ አስነክታ ታቀምሰኛለች፤ ምላሴ ሲቃጠል እሷ ትስቃለች፤ እኔ እንባዬ እየወረደ ጨምሪልኝ እላለሁ።

ይህን ሁሉ ሊወስድብኝ የመጣው ሙሉቀን ነው። እዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ አገሩ ይፋግ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፤ ዛሬ ሳስበው ከእሱ የበለጠ ጨዋ ሰው አላውቅም። ያኔ ግን ሌባ መሆኑን በዓይኔ አይቼ አረጋግጬ ነበር። ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ምስጋና ጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ ከበሯ ላይ አንድ ጫማዋን አንስቶ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ሲወጣ ያዝኩት። አንዱን ብቻ ነው የወሰደው። ሲያየኝ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ከረሜላ ሰጠኝ። ከረሜላውን በላሁ፤ ነገሩን ግን ያዝኩበት። ምስጋና ውሻ ወስዶብኝ ነው ብላ ሰፈሩን ሁሉ ስትፈልግ ከረመች።

ሠርጉ እሑድ ነበር። አባቷ አቶ ኤርሲዶ ከሁለት ወንድሞቿና ከአክስቷ ጋር ዓርብ ይደርሳሉ ተብሎ ተጠበቁ። ዓርብ አልመጡም። ቅዳሜ ምስጋና መናኸሪያ ቆማ ውላ ብቻዋን ተመለሰች። ሞባይል ያኔ ለእኛ ከተማ ገና ብርቅ ነው። ሆሳዕና ወዳለ ጎረቤት ቤት ተደውሎ የተገኘው መልስ፣ ሐሙስ ጠዋት ወጥተዋል የሚል ብቻ ነበር።

እኛ ቤት የሰፈር ሴቶች ለድግሱ ሽንኩርት ይልጡ ስለነበር ማን እንደሚያለቅስ ማን እንደማያለቅስ አይለይም። እኔ ጠረጴዛ ሥር ሆኜ የሰማሁት ምስጋና ለእናቴ ስትነግራት ነው። የሙሉቀን እናት እማማ ደሳለች፣ ወገኗን ያየ አለ ወይ፣ ልጄ ከመንገድ ላይ አንስቶ ነው የሚያገባት ብለው ለሰው መናገራቸውን ሰምታለች። እናቴ ፈንታነሽ ሽንኩርቷን አስቀምጣ እጇን ጠረገች። ሥራ የምታቆመው ነገሩ እውነት ሲሆንባት ነው።

በእኛ አገር ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽራዋ ወገን በሩን ዘግቶ አላስገባም ይላል። ይለመናል፣ ይዘፈናል፣ ይገፋፋሉ፤ በመጨረሻ ይከፈታል። ጨዋታ ነው፤ ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። በር የሚዘጋላት ያላገኘች ሙሽራ አማቷ ቤት የምትገባው አንገቷን ደፍታ ነው።

“አባቴ ይቅር፣ ብቻ በሕይወት ይሁን፤” አለች ምስጋና። “ነገ ግን በር የሚዘጋልኝ አንድ ሰው ሳይኖር ከወጣሁ፣ ዕድሜ ልኬን ከመንገድ የተነሳች ነው የምባለው።”

አባቴ አዳነ በሩን ቢዘጋ ደስ ባለው። ነገር ግን በደብዳቤም በስልክም ከአባቷ ጋር የሸመገለው ለሙሉቀን ነው፤ ለወንዱ የሸመገለ ሰው ለሴቷ በር አይዘጋም። መምህራኑ ሁሉ የሙሉቀን አጃቢ ሆነዋል። እናቴ ጎረቤት እንጥራ ስትል ምስጋና አልተቀበለቻትም፤ እማማ ደሳለች ለሠርጉ ከመጡ ጀምሮ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ አውቀውታል፣ ወገን ተውሳ ነው ይላሉ አለቻት።

እሑድ ጠዋት ከጉና ተራራ የሚመጣው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ምስጋና የሠርግ ሹሩባዋን በነጠላ ሸፍና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልትወርድ ስትነሳ እናቴ ብቻሽን አትሄጂም ብላ እኔን አስያዘቻት። የምትሄደው አውቶቡሱ ተገልብጦ እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። ይህን ለእኔ የነገረኝ ሰው የለም። እኔ የማውቀው ፖሊስ ጋ የሚኬደው ሌባ ሲገኝ መሆኑን ነው።

ሳጅን ደሞዜ የሚባሉ፣ በዩኒፎርማቸው ላይ ጋቢ የደረቡ፣ ጎልማሳ ሰው ተቀበሉን። አዳር ጥበቃ ላይ ስለነበሩ ዓይናቸው ቀልቷል። ምስጋና ቁጭ እንዳለች ማልቀስ ጀመረች። ሳጅን መገናኛ ሬዲዮውን አንስተው ይጮኹ ጀመር፤ ሬዲዮውም መልሶ ይጮኻል፤ አንድም ቃል አልገባኝም። ኮንስታብል እመቤት የምትባል ፖሊስ ቆሎ ዘግና ሰጥታኝ ደጅ ይዛኝ ወጣች።

ተመልሼ ስገባ ያየሁት ሥዕል ዛሬም ዓይኔ ላይ ነው። ምስጋና አሁንም ታለቅሳለች። ሳጅን ደግሞ ደብተር ዘርግተው ይጽፋሉ። የሙሽራው ሙሉ ስም። ሥራው። በስንት ሰዓት ይመጣል? በስንት መኪና? ሚዜዎቹ ስንት ናቸው? ጉልበተኛ አለ ከመካከላቸው?

ልቤ በደስታ ዘለለ። ምስጋና በመጨረሻ ነቅታበታለች፤ ልታሳስረው ነው። እውነቱን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከደጀን የመጣው መልስ፣ አባይ በረሃ ላይ አፈር ተንዶ መንገዱ ከዓርብ ጀምሮ ተዘግቷል፣ ሰዉ ሁሉ ደህና ነው፣ ነገ ይደርሳሉ የሚል ነበር። የመጀመሪያው ለቅሶዋ የፍርሃት፣ ሁለተኛው የእፎይታ ነው። ሳጅን ነገ ከደረሱ ታዲያ ምን ያስለቅሳል ቢሏት፣ ሠርጉ ዛሬ ነው ብላ ስለ እማማ ደሳለችና ስለ በሩ ነገረቻቸው። ሳጅን ጺማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና ደብተራቸውን ሳቡ።

ጽፈው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺስ የኔ ልጅ፣ ስለዚህ ሰው የምታውቂው ነገር አለ?”

“ጫማዋን ሰርቋል፤” አልኩ።

“ሁለቱንም?”

“አንዱን። የቀኙን።”

ምስጋና እንባዋን እየጠረገች ትክ ብላ አየችኝ። ሳጅን ግን አልሳቁም። የእኔን ስም ከነአባቴ ጠይቀው፣ ቀኑን ጠይቀው፣ ቃል በቃል ጻፉ። ከረሜላውን አልነገርኳቸውም።

አምስት ሰዓት ላይ ስድስት ፖሊሶች ዳገቱን ሲወጡ የሰፈር ልጅ ሁሉ ከኋላቸው ተግተልትሏል። ጠመንጃ ባለመያዛቸው ትንሽ ቅር አለኝ፤ ካቴናም አላየሁም። እመቤት በዩኒፎርሟ ላይ ነጠላ አጣፍታለች። ሳጅን ለእናቴ እጅ ነስተው፣ የአባት ቦታ የቱ ጋ ነው ብለው ጠየቁ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ በሩ ጋ ወንበር አወጣች፤ አጎዛ አነጠፈችበት። እኔ ችሎት መሆኑ ነው ብዬ ወንበሩን በደንብ አየሁት።

የማላውቀው ይህ ነበር፦ ስድስቱም አዳር ላይ ቆይተው ሊተኙ ይገባቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከጥምቀት ጀምሮ ዕረፍት አላዩም። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሳጅን ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆመው፣ አንዲት ልጅ ወገን አጥታ ልትዳር ነው ማን አብሮኝ ይሄዳል ብለው ጠየቁ፤ አምስቱ ጋቢያቸውን አስቀምጠው ተከተሏቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። እኔ አጥሩ ላይ ወጥቻለሁ። አንድ በአበባ የተሸለመች መኪና፣ ከኋላዋ ሁለት ሚኒባስ። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ መጡና በሩ ጋ ሲደርሱ ዘፈኑ እንደ ሻማ እፍ ተባለ። በሩ ተዘግቷል። ከበሩ ፊት ፖሊሶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቆመዋል። ከኋላ የነበረ አንድ አጃቢ ቀስ ብሎ ወደ ሚኒባሱ ተመለሰ። እማማ ደሳለች ደረታቸውን ይዘው፣ ልጄ ምን አጠፋ ብለው ከሙሽራው ጋር የመጣውን አባቴን ጠየቁት። አባቴም አላወቀም፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ሳጅን ደብተራቸውን ገለጥ አደረጉ። የሙሽራውን ስም ከነአያቱ አነበቡ። ሙሉቀን አቤት ብሎ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ። እኔ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ኮንስታብል ሞላ የሚባለው፣ አንገተ ረጅሙ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ አወረደው፦

“ቃልህን ሳትሰጥ ሳትፈርም በቀለም፣
የእኛን ልጅ መውሰድ በሕግም የለም።”

አምስቱ ተቀበሉት። ከዚያ እማማ ደሳለች ከደረታቸው ላይ እጃቸውን አነሱ፤ ከዚያ አባቴ ሳቀ፤ ከዚያ ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ሚዜዎቹ ነፍስ ዘርተው መለሱ፣ ፖሊሶቹም መለሱ። ገፉ፣ ተገፉ። የሒሳብ አስተማሪዎች ከፖሊስ ጋር ሲጋፉ ማን እንደሚያሸንፍ መቼም ግልጽ ነው። ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስቴም አስፋልቱ ድረስ ተመለሱ። እኔ ብቻ አጥሩ ላይ ግራ ገብቶኛል። እስረኛ ሲያዝ ይዘፈናል እንዴ?

ሳጅን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ። “አንድ ያልተዘጋ ክስ አለ፤” አሉ። “የጫማ ስርቆት፤ የቀኝ እግር። የዓይን ምስክር አለን።” ጣታቸውን ወደ አጥሩ፣ ወደ እኔ ቀሰሩ።

ሙሉቀን አየኝ፤ አፉን በእጁ ሸፈነ። ወደ መኪናው ሄዶ አንድ ካርቶን ይዞ መጣና ለሳጅን ከፈተላቸው። ነጭ የሙሽራ ጫማ ነው፤ ከጎኑ የጠፋው የምስጋና ጫማ። ቁጥሯን ሳታውቅበት ለክቶ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ የገዛላት ነው። ሳጅን ከአጥሩ አውርደው አሮጌውን ጫማ አስያዙኝና ይህ ነው ወይ አሉኝ። ነው አልኩ። በቃ፣ ንብረቱ ተመልሷል አሉና ደብተራቸውን ከደኑ። የተሰረቀ ዕቃ የመለሰ ሰው እንደሚለቀቅ ያን ቀን ተማርኩ፤ ፍትሕ ግን አልመሰለኝም።

በሩ ወዲያው አልተከፈተም። ሳጅን እማማ ደሳለችን ራሳቸውን ካላስለመንኩ ብለው አጎዛው ላይ ተቀመጡ። እማማ ደሳለች ነጠላቸውን አስተካክለው ቀረቡ፤ የልጅቱ ወገን ነዎት ወይ ብለው ጠየቁ። ሳጅን አጎዛው ላይ እንደተቀመጡ፣ “ታዲያ ምን መሰልናችሁ?” አሏቸው። እማማ ደሳለች እጅ ነሱ። ያኔ ተከፈተ።

ምስጋና በነጭ ጫማዋ ወጣች። ከሙሉቀን ጋር ጎንበስ ብለው የሳጅንን ጉልበት ሳሙ። ሳጅን ቆባቸውን አውልቀው ውለዱ ክበዱ ብለው ሊመርቁ ጀመሩና ፊታቸውን በቆባቸው ሸፈኑ፤ እመቤት ነጠላዋን አቀበለቻቸው። እኔ ሌባውን በመልቀቃቸው ተጸጽተው ነው አልኩ። መኪናዋ ስትሄድ እኔም አለቀስኩ፤ የእኔ ለቅሶ የንዴት ነበር፤ ሞላ ትከሻው ላይ አድርጎ ዳቦ እስኪያበላኝ አላቆምኩም።

ሰኞ ከሰዓት አቶ ኤርሲዶ ከነቤተሰባቸው አቧራ ለብሰው ደረሱ። እናቴ ሁሉን ነገረቻቸው። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ጣቢያው የት ነው አሉ፤ እኔ መራኋቸው። ሳጅንን ሲያዩ ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ሳጅን ደግሞ አንቱ ሽማግሌ ሆነው ሳለ እንዴት ብለው እኩል ጎነበሱ፤ ግንባራቸው ተጋጨ። ሁለቱም ግንባራቸውን እያሹ ተቃቅፈው ቆሙ። አቶ ኤርሲዶ ሳምንት ቆይተው አገራቸው ተመለሱ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የአንድ ቀን ደግነት ነው፤ ለአንድ ቀን ወገን መሆን ደግሞ ማንም አያቅተውም። የቀረውን ያየሁት በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ነው።

እማማ ደሳለች ልጃቸው ይፋግ፣ ከጎናቸው እንዲኖር ይፈልጋሉ። ሙሉቀን እናቱን እምቢ ማለት አይችልም፤ ለሚስቱ መንገርም ፈራ። ዝም ብሎ ወደ ይፋግ ዝውውር ጠየቀ። ምስጋና የሰማችው ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነው። ያን ቀን በካፊያ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ በበራችን አልፋ ቁልቁል ስትወርድ አየኋት። ወዴት ነው ስትላት እናቴ፣ “ወደ ወገኖቼ፤” አለች። የእኛ አገር ሴት ባሏ ሲበድላት አኩርፋ ዘመድ ቤት ትሄዳለች፤ ሽማግሌ ልኮ፣ ለምኖ ነው የሚመልሳት። ሆሳዕና ሩቅ ነው። ምስጋና የገባችው ፖሊስ ጣቢያ ነው።

እኔ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል፤ ግን ማስተዋሌ ብዙ አልተሻለም። አሁንስ በቃው፣ ሊታሰር ነው ብዬ ተከተልኳት። ማንም የከሰሰ፣ ማንም የጻፈ አልነበረም። ሳጅን ደሞዜ ከወንበራቸው ተነስተው ፌስታሏን ተቀበሏት። ማን በደለሽ ብለው እንኳ አልጠየቁም፤ በልተሻል ወይ ነው ያሏት። እመቤት ከጣቢያው ጀርባ ወዳለው ኪራይ ቤቷ ወስዳ የገዛ አልጋዋን ለቀቀችላት።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ መጣ፤ አባቴና ቄስ ሞገስ። ማንም ሳይጠራቸው ደግሞ እማማ ደሳለች ከይፋግ ተሳፍረው መጥተው ከኋላቸው ቆሙ። እኔ አባቴን ተከትዬ ነበርኩ። ሳጅንና ሞላ ተረኛ ባይሆኑም ልብሳቸውን ተኩሰው ለብሰው በእመቤት ቤት በር ላይ ተቀብለዋቸዋል። እንደ ደንቡ ተቀመጡ ቢባሉ ሽማግሌዎቹ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ቄስ ሞገስ ንግግር ሊጀምሩ ሲሉ እማማ ደሳለች ቀደሟቸው።

“በድለናል፤” አሉ። “ልጄን የመከርኩት እኔ ነኝ። የዝውውሩን ወረቀት ትቶታል። ልጃችሁን ስጡን ብለን መጣን።”

“እማማ፣ አንቱን እናከብራለን፤” አሉ ሳጅን። “ነገር ግን ልጃችን ተከፍታ ነው የመጣችው። እኛም እንመካከር፣ እሷንም እንጠይቃት። ማክሰኞ ተመለሱ።”

ማክሰኞ ሄዱ፤ ዓርብ ተመለሱ ተባሉ። ዓርብም በዶፍ ዝናብ ቆመው ከቆዩ በኋላ ነው ምስጋና ፌስታሏን ይዛ የወጣችው። እኔ እማማ ደሳለች ያን ያህል መንገድ ከይፋግ እየተመላለሱ መቆማቸው ውርደት መስሎኝ ነበር፤ ተቆጥተው ሊሰድቧት ነው ብዬ ከአባቴ ኋላ ተሸጎጥኩ። እሳቸው ግን ምራታቸውን ክንዷን ይዘው፣ በመንገድ ያገኙትን ሴት ሁሉ እያስቆሙ ሄዱ። እሳቸውን ልንሸኝ መናኸሪያ እስክንደርስ አራት ቦታ ሲያወሩት ሰማሁ፤ አንገታቸው ቀና ብሎ፣ ኩራት በኩራት ሆነው።

“ምራቴን ከወገኖቿ ለምኜ መለስኳት፤” ይላሉ። “ሦስት ጊዜ ነው ያመላለሱኝ።”